ርቀቱ ከየት ይለካል?

የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አንድ የቆርቆሮ ሚስማር አጋድሙ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ከሩቅ እያንሸራተታችሁ ወደ ሚስማሩ አስጠጉ። 40 ሴንቲሜትር ላይ ምንም የለም። 20 ላይም ምንም የለም። 10 ላይ ሚስማሩ አሁንም እንደተኛ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ገፋ ስታደርጉት ግን ሚስማሩ ንቅንቅ ይላል፤ ወዲያው ዘሎ ማግኔቱ ላይ ጥብቅ ይላል። መሃሉን ዓይን አይዘውም።

ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ «ማግኔት ድንበር አለው፤ እስከዚህ ይስባል፣ ከዚህ ወዲያ አይስብም» ብሎ ያስባል። ድንበር የለውም። 40 ሴንቲሜትር ላይም እየሳበው ነበር፤ ነገር ግን ያ የማግኔት ጉተታ በሚስማሩና በጠረጴዛው መካከል ያለውን ሰበቃ አያሸንፍም። ርቀቱ የማግኔቱንና የሚስማሩን ቁመት በጥቂት እጥፍ ከበለጠ በኋላ፣ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ማግኔቱ ሚስማሩን የሚስብበት ኃይል 128 ጊዜ ያንሳል። 2 ሰባት ጊዜ ሲደረደርና ሲባዛ 128 ነውና። ከ40 ወደ 10 ስናስጠጋው ርቀቱ ሁለት ጊዜ ተጋምሷል፤ ይህ ሕግ እስከዚያ ቅርበት ድረስ ከሠራ ኃይሉ ከ16,000 እጥፍ በላይ አድጓል። ድንገት የመሰለን ለዚህ ነው።

የመሬት ስበት እንዲህ አይደለም። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል እንጂ ወደ 128ኛ አይወርድም። ሁለቱም ከርቀት ጋር እንደሚደክሙ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል። በእኔ እምነት ሳይብራራ የሚታለፈው ሌላ ነገር ነው፦ ርቀቱ ከየት ተነሥቶ እንደሚለካ፣ እና ከዚያ ማዶ ሆኖ የሚስበው ስንት ነገር እንደሆነ። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከተመለሱ 4፣ 8፣ 16 እና 128 የሚሉት ቁጥሮች መሸምደድ ሳያስፈልጋቸው ይመጣሉ።

ከስበት እንጀምር። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው ሕግ መሠረት ሁለት አካላት የሚሳሳቡበት ኃይል የሁለቱ መጠነ ቁስ ተባዝቶ፣ በመካከላቸው ላለው ርቀት ስኩዌር ይካፈላል። ኒውተንን ብዙ ያደከመው «ርቀት» የሚለው ቃል ነው። እግራችን ሥር ያለው አፈር ከእኛ ያለው ርቀት ዜሮ ነው፤ በሌላኛው የመሬት ገጽ ያለው ድንጋይ ደግሞ 12,700 ኪሎሜትር ይርቃል። የትኛው ይያዝ? መልሱ፣ ድቡልቡል ለሆነ አካል ቁሱ ሁሉ መሃሉ ላይ የተከማቸ ያህል ይቆጠራል የሚል ነው። የምንርቀው ከመሬት ገጽ ሳይሆን ከመሬት እምብርት ነው።

ለዚህ ከጎጃም የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ከደጀን ወርዶ የዓባይ ድልድይ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጮቄ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ለሚኖርበት ሰው ይህ 3 ኪሎሜትር ቆላና ውርጭ ነው፤ እህሉም፣ ልብሱም፣ የቤቱ አሠራርም ይለያያል። ለስበት ግን ከ6,370 ኪሎሜትር በላይ በሆነ ርቀት ላይ የተጨመረ 3 ኪሎሜትር ብቻ ነው። በሞላ በሚሠራ ማንጠልጠያ ሚዛን አንድ ኩንታል ጤፍ በረሃው ላይ መዝናችሁ ጮቄ ጫፍ ብትደግሙት፣ ከፍታውን ብቻ ስናሰላ ሚዛኑ 94 ግራም ያህል ጎድሎ ያሳያል። ከእግራችን ሥር የተቆለለው የተራራው ድንጋይ በበኩሉ ወደ ታች ስለሚስብ ጉድለቱ ወደ 60 ግራም ገደማ ይመለሳል። በሁለት እጅ የማይሞላ ጤፍ ማለት ነው። ጤፉ አልቀነሰም፤ የተሳበበት ኃይል ነው የቀነሰው። ባለ ሁለት ክንድ ሚዛን ይህን ጨርሶ አያሳይም፤ በአንዱ ወገን ጤፉ ሲቀል በሌላው ወገን የሚዛን ድንጋዩም እኩል ይቀላል።

ዲጂታል ሚዛን ላይ ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል። ፓሪስ ላይ ነፃ የወደቀ ነገር በየሰከንዱ የሚጨምረው ፍጥነት 9.81 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ 9.78 ገደማ ነው። ምክንያቱ ከፍታው ብቻ አይደለም። መሬት ወገቧ ላይ ስለምታብጥ በዚያ ያለው ገጽ ከእምብርቷ የሚርቀው ከዋልታዎቿ ይልቅ 21 ኪሎሜትር ያህል በልጦ ነው፤ መሽከርከሯም ጥቂት ይቀንሳል። አውሮፓ ተስተካክሎ የመጣ ሚዛን እዚህ ሳይስተካከል ቢቀር በኩንታል ከ300 ግራም በላይ አጉድሎ ያነባል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሚዛኑ በሚሠራበት ቦታ ተቀምጦ፣ ክብደቱ በታወቀ መለኪያ ድንጋይ ካሊብሬት ይደረጋል። ባሕር ዳር ተስተካክሎ ወደ ደጋ የወጣ ሚዛንም እንደገና ቢታይ ጥሩ ነው፤ ልዩነቱ ግን በግራሞች የሚቆጠር ስለሆነ ለገበያ ብዙም አያሳስብም።

ከዚህ አንጻር «ህዋ ላይ ስበት የለም» የሚለው አባባል ስህተት መሆኑም ይታያል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ 400 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይዞራል። በመሬት ሬዲየስ (ከእምብርቷ እስከ ገጿ ባለው 6,371 ኪሎሜትር) ላይ 400 ሲጨመር ስበቱ ገና 89 በመቶ ያህል ነው። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ከጣቢያው ጋር አብረው ያለማቋረጥ ስለሚወድቁ ነው። ጨረቃም እንዲሁ ናት። ከእኛ 384,400 ኪሎሜትር ማለትም 60 የመሬት ሬዲየስ ትርቃለች። 60 ጊዜ 60 3,600 ነው። ዓባይ ድልድይ ላይ የተለቀቀ ድንጋይ በመጀመሪያው ሰከንድ 4.9 ሜትር ይወርዳል፤ ጨረቃ በአንድ ሰከንድ ወደ መሬት የምትወርደው የዚያን 3,600ኛ፣ 1.4 ሚሊሜትር ያህል ነው። ሕጉ ለእጅ ድንጋይና ለጨረቃ አንድ መሆኑ ዛሬም ይገርመኛል።

ትልቁን መሬት ትተን ትንንሽ ነገሮችን ብናይስ? በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች ይሳሳባሉ። እያንዳንዳቸው 300 ኪሎ ይሁኑ፣ ከመሃል እስከ መሃል 1.2 ሜትር ይራራቁ። 300 በ300 ይባዛል፣ በ1.44 ይካፈላል፣ ከዚያ 0.00000000006674 በሚባለው የስበት ቋሚ ቁጥር ይባዛል። የሚገኘው ኃይል 0.4 ሚሊግራም የሚሆን ነገር መሬት ላይ የሚከብደውን ያህል ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ 0.3 ሚሊግራም ገደማ ናት። 600 ኪሎ በሬ ጎን ለጎን ቆሞ የሚሳሳበው አንዲት ጤፍ ከጥቂት ጭማሪ ጋር ነው። በሬ ድቡልቡል ስላልሆነ በዚህ ቅርበት ስሌቱ ግምት ነው፤ 10 ሜትር ቢራራቁ ቅርጻቸው ብዙም ስለማይቆጠር ስሌቱ ይጠራል።

ይህን የመሰለ ኢምንት ኃይል እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሄንሪ ካቨንዲሽ እ.ኤ.አ. በ1798 ባሳተመው ሥራው ለካ። 1.8 ሜትር የሚሆን የእንጨት ዘንግ በቀጭን ሽቦ አንጠልጥሎ ጫፍና ጫፉ ላይ ትንንሽ የእርሳስ ኳሶች አሰረ፤ አጠገባቸው 158 ኪሎ የሚመዝኑ ትልልቅ የእርሳስ ኳሶች አመጣ፤ የሽቦውን መጠምዘዝ አነበበ። ከገላው የሚወጣው ሙቀት አየሩን እንዳያነቃንቅበት ከውጭ ሆኖ በሩቅ ማያ መነጽር ነበር የሚያየው። ትልልቆቹን ኳሶች የተሸከሙት የብረት ዘንጎች በማግኔትነት ውጤቱን እንዳያበላሹበትም ሰግቶ በመዳብ ቀየራቸው። ስጋቱ ልክ ነበር፤ ስበት በሚለካበት ክፍል ውስጥ አንዲት የማግኔት ጠባይ ያላት ብረት ሥራውን ሁሉ ልታጠፋው ትችላለች።

እንግዲህ እንዲህ ደካማ የሆነው ስበት ጨረቃን ሲይዝ፣ ከመሬት ጋር ግብግብ ገጥሞ ሚስማር የሚያነሣው ማግኔት እንዴት ከጥቂት ክንድ በላይ አይሻገርም? የልዩነቱ ሥር ዋልታ ነው። ስበት አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ የሚገፋ መጠነ ቁስ የለም፣ ሲደመር ብቻ ይኖራል። ማግኔት ግን ሁልጊዜ ሰሜንና ደቡብ ዋልታውን ይዞ ነው የሚገኘው። መሃሉ ላይ ብትሰብሩት ሁለት ማግኔት ይሆናል እንጂ ዋልታዎቹ አይለያዩም። ስለዚህ ከሩቅ የቆመ ብረት ወይም ኮምፓስ የሚያየው አንድን ነገር ሳይሆን እርስ በርሳቸው የሚጣፉ ሁለት ነገሮችን ነው።

በቁጥር እንየው። ዋልታዎቹ 2 ሴንቲሜትር የሚራራቁ ማግኔት ውሰዱ። ከማግኔቱ መሃል 10 ሴንቲሜትር ላይ የቅርቡ ዋልታ 9፣ የሩቁ 11 ሴንቲሜትር ይርቃል። እያንዳንዱ ዋልታ ለብቻው በስኩዌር ሕግ ይሄዳል። 1 ለ81 ሲካፈል 0.01235፣ 1 ለ121 ሲካፈል 0.00826። ሲቀናነሱ የሚተርፈው 0.00408 ነው፤ ከቅርቡ ዋልታ ጉልበት ሁለት ሦስተኛው በሩቁ ተበልቷል። 20 ሴንቲሜትር ላይ 19 እና 21 ይሆናል፤ የሚተርፈው 0.00050። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የማግኔቱ መስክ፣ ማለትም ማግኔቱ በዚያ ቦታ ላይ ያለው ብርታት፣ 8 ጊዜ ወረደ። ሌላ የተፈጥሮ ሕግ አልመጣም፤ ሁለት የስኩዌር ሕጎች ተቀናንሰው ነው። የሚሳበው ነገር ራሱ ማግኔት ከሆነ እሱም ሁለት ዋልታ ስላለው አንድ ደረጃ ተጨምሮ 16 ጊዜ ይወርዳል። ሚስማር ሲሆን ደግሞ ሚስማሩ ራሱ በማግኔቱ መስክ ነው ለጊዜው ማግኔት የሚሆነው፤ መስኩ 8 ጊዜ ሲቀንስ የሚስማሩም ማግኔትነት 8 ጊዜ ይቀንሳል። 16 በ8 ሲባዛ ያ 128 ነው።

እንዲህ ያለ ቅንስናሽ ስበትም ውስጥ አለ፤ እሱን ለማየት ጣና ይበቃል። ፀሐይ መሬትን የምትስበው ጨረቃ ከምትስባት 178 ጊዜ ያህል በልጦ ነው። ሆኖም የባሕርን ውኃ በማስነሣት ጨረቃ ትበልጣለች፤ የፀሐይ ድርሻ ከእሷ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ውኃን የሚያስነሣው ስበቱ ራሱ ሳይሆን በአንዱና በሌላው ጫፍ ያለው የስበት ልዩነት ነው፤ ልዩነቱም እንደ ማግኔቱ መስክ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 8 ጊዜ ይወርዳል። ጣና ከጫፍ ጫፍ 84 ኪሎሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርዝመት ላይ የጨረቃ ልዩነት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚያዘነብለው። የክረምቱ ውኃ ሐይቁን ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው፣ ንፋሱም በየቀኑ ሲገፋው ያቺን ሚሊሜትር የሚያያት ታንከኛ የለም።

የ8 እጥፉን መውረድ በእጅ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስም እ.ኤ.አ. በ1832 ያቀረበው ሥራ ላይ የማግኔትን የርቀት ሕግ ያረጋገጠው መርፌ ምን ያህል እንደሚዞር በመለካት ነበር። ጎጃም ለዚህ ምቹ አገር ነው። የመሬት ማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ የመሬት መስክ እዚህ ሊጋደም ምንም ያህል አልቀረውም፤ መጠኑም 36 ማይክሮቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ) ገደማ ነው። አውሮፓ የተሠራ ኮምፓስ ግን መርፌው ሊያነክስ ይችላል። በዚያ አገር ሰሜኑ ጫፍ ወደ መሬት ስለሚሳብ ደቡቡ ጫፍ ላይ ክብደት ይጨመርበታል፤ እዚህ ያ ክብደት ትርፍ ሆኖ ደቡቡን ይጥለዋል። ሣጥኑን በጥቂቱ አዘንብሉትና መርፌው ሳይነካካ ይዙር።

ከቆርቆሮ ቤት ውጡ። ጣሪያው፣ የብረት በሩ፣ የብረት እግር ያለው ጠረጴዛ ሁሉ መርፌውን ያሳስታሉ። ዛፍ ሥር፣ የእንጨት ወንበር ላይ ይሻላል። ኮምፓሱ ሰሜን ሲያሳይ በስተምሥራቁ ማስመሪያ ዘርጉና ማግኔቱን አንዱ ዋልታው ወደ ኮምፓሱ እንዲያይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መርፌው በትክክል 45 ዲግሪ እስኪዞር አስጠጉት፤ እዚያ ላይ የማግኔቱ መስክና የመሬት መስክ እኩል ናቸው። 10 ሚሊሜትር ስፋትና 2 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው የኒዮዲሚየም ማግኔት (ትንሽ ሆኖ በጣም ጠንካራ ለሆነው ዓይነት) ይህ 10 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል። ከዚያ ርቀቱን እጥፍ አድርጉት። መርፌው ወደ 22 ዲግሪ የሚመለስ ይመስላል፤ የሚመለሰው ግን ወደ 7 ዲግሪ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ እጥፍ ሲደረግ 1 ዲግሪ እንኳ አይሞላም።

ቁጥሩ አልገጥም ያለው ሰው መጀመሪያ መመርመር ያለበት ርቀቱን ከየት እንደለካ ነው። ከማግኔቱ ፊት ሳይሆን ከመሃሉ፣ ከኮምፓሱ ጠርዝ ሳይሆን ከመርፌው ማዕከል ይለካል። በስልክ ለሚለካ ሰው ይህ ይብሳል፤ የስልኩ ማግኔት መለኪያ ብዙ ጊዜ ወደ ላይኛው ጥግ ተደብቆ ነው የሚቀመጠው። ማግኔቱን በስልኩ ላይ ከፍ አድርጋችሁ እያዞራችሁ ንባቡ ከሁሉ የሚበልጥበትን ቦታ ፈልጉና ምልክት አድርጉበት። 5 ሴንቲሜትር ላይ የ1 ሴንቲሜትር ስህተት ውጤቱን 70 በመቶ ያህል ያዛባዋል፤ 30 ላይ ግን 10 በመቶ ብቻ። የመሬትን መስክ ከንባቡ ለማውጣት ማግኔቱን በዚያው ቦታ ፊቱን አዙራችሁ ሁለተኛ ንባብ ያዙና የሁለቱን ልዩነት ለሁለት ክፈሉት፤ የሚነበበው ግን ጠቅላላው ሳይሆን በማግኔቱ አቅጣጫ ያለው፣ ምልክቱን (+ ወይም −) የያዘው ቁጥር ይሁን። ጠንካራ ማግኔት ስልኩ ላይ አትለጥፉ።

ይህ ሁሉ ከጠረጴዛ ሙከራ አልፎ በየቀኑ ገንዘብ የሚያስከፍለው ወፍጮ ቤት ነው። ከእህሉ ጋር የሚመጣ ሚስማር፣ የሽቦ ቁራጭና ብሎን ድንጋዩን ይሰብራል። እህሉ ወደ ድንጋዩ በሚወርድበት አሸንዳ ላይ ማግኔት ማኖር ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አቀማመጡ ይበላሻል። አሸንዳው ከተራ ላሜራ ከተሠራና ማግኔቱ ከውጭ ከተለጠፈ፣ ላሜራው መስኩን ይውጠዋል፤ ወደ እህሉ የሚያልፈው ትንሽ ነው። እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ አሉሚኒየምና ማግኔት የማይስበው ዓይነት የማይዝግ ብረት መስኩን አይከለክሉም፤ የሚጎዱት ውፍረታቸው በሚፈጥረው ርቀት ልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ስስ ይሁኑ። እህሉም ከ1 ሴንቲሜትር ባልበለጠ ውፍረት ቢወርድ ይመረጣል፤ 4 ሴንቲሜትር ተቆልሎ ከወረደ ላይኛው ሚስማር የማግኔቱ ጉልበት በርቀት ደክሞለት ያልፋል። የተያዘው ብረት በየቀኑ ይጠረግ፤ የተጠራቀመው ክምር ቀጣዩን ከማግኔቱ ያርቀዋል። ማግኔቱ ራሱ ተሰንጥቆ ስባሪው እህል ውስጥ እንዳይገባ በስስ ሽፋን ይያዝ። ተራው ኒዮዲሚየም ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በላይ ጉልበቱን ያጣል፤ የስፒከሩ ጥቁር ፌራይት ሙቀት ይችላል፣ ግን ለዚያው ጉልበት ትልቅ መሆን አለበት። ትንንሾቹን ኒዮዲሚየም ከልጆች አርቁ፤ ሁለት የተዋጡ እንደሆነ አንጀትን በመካከላቸው ይዘው ይጣበቃሉ፣ ያም ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው።

ከወፍጮው ጀርባ ያለው ሞተር ውስጥ ደግሞ ርቀት ከሁሉ የከበደ ነው። በሮተሩ (በሚሽከረከረው ክፍል) እና በስታተሩ (ዙሪያውን በያዘው በማይንቀሳቀሰው ክፍል) መካከል ያለው ክፍተት በብዙ ሞተሮች 1 ሚሊሜትር አይሞላም። 0.5 ነው እንበል። ኩሽኔታው ተበልቶ ሮተሩ 0.1 ሚሊሜትር ወደ አንድ ወገን ቢያጋድል፣ በዚያ ወገን 0.4፣ በማዶው 0.6 ይሆናል። በዚህ ቅርበት የማግኔቱ ጉተታ ለክፍተቱ ስኩዌር ስለሚካፈል የቅርቡ ወገን ከማዶው 2.25 ጊዜ በልጦ ይጎትታል። ጎትቶም ሮተሩን የበለጠ ያስጠጋዋል፤ ኩሽኔታው የበለጠ ይበላል። ለዚህ ነው ለወራት ትንሽ ሲያጉረመርም የቆየ ሞተር በመጨረሻው ሳምንት በአንዴ የሚበላሸው። እንደ ሚስማሩ ዝላይ ነው፣ ብቻ በቀስታ።

ቀድሞ ለማወቅ መብራቱን ከዋናው ቆጣሪ አጥፉ፣ ቺንጋውን አውልቁ፣ የሞተሩን ዘንግ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። እጅ የሚሰማው ልቅነት ካለ ኩሽኔታው ይቀየር። ቺንጋው ከልክ በላይ ተወጥሮ ከነበረ ዘንጉን ወደ አንድ ወገን ሲጎትተው ቆይቷልና እሱም ይስተካከል። ሞተሩ ሲፈታ የስታተሩን ውስጥ በባትሪ እዩት። በአንድ ወገን ብቻ ተፍቆ የሚያብረቀርቅ ገጽ ከታየ ሮተሩ እየነካ ነበር፤ ያን ጊዜ አዲስ ኩሽኔታ ብቻ አስገብቶ መዝጋት አይበቃም፣ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቤት ሰፍቶ እንደሆነ መለካት አለበት።